ባለ ሽቦው ድስት

አያ አሕመዲን ባረፉ ዕለት ከመንደሩ መረዳጃ፣ ከቅሬው ዕቃ ቤት ድስቶቹ ሲወጡ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሣሩ ላይ ይደረድሯቸዋል። ከሸክላዎቹ የአንዱ አንገት ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው ዝጓል፤ አጠማዘዙ ግን አልጠፋኝም፤ ሁለቱ ጫፎች እጅ እንዳይወጉ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተቀብረዋል። እንዲህ አድርጎ ሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ነው የማውቀው። ቀና ስል ሙዓዝ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ያየኛል። ልንስቅ ስንል ለቅሶ ላይ መሆናችን ትዝ ብሎን ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

እኔና ሙዓዝ ካምፕ ከነበርንበት ክረምት በኋላ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የነበረው የልጆች ካምፕ ዳግም አልተተከለም፤ ድንኳኖቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሐምሌ ገብቶ አምባሰል ጉም ሲለብስ የእርጥብ ሸራ ሽታ ይመጣብኛል።

ካምፑን የተከልነው ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ የተመለስንና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን በጎ ፈቃደኞች ነበርን። ቦታው ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ያለ የግጦሽ መስክ ነው። ጠዋት ልጆቹን ንባብና ሒሳብ እናስተምራለን፤ ረፋዱ ላይ ከበላያችን ባለው ተረተር ችግኝ እንተክላለን፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣና ሁላችንንም ድንኳን ውስጥ ይከተናል። ድንኳኖቹ በልግስና የተሰጡ አሮጌ ሸራዎች ናቸው። ዝናብ እየመታው ሳለ ሸራውን ከውስጥ በጣት ከነኩት የነኩት ቦታ ያንጠባጥባል፤ ካልነኩት ግን አያስገባም። ይህን ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ነገርናቸው። ስለነገርናቸውም በየቀኑ አንዱ እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ ይነካዋል። ከዚያ «ሐቢብ ነካው! ሐቢብ ነካው!» የሚል ጩኸት ከድንኳን ድንኳን ይዞራል።

አስተባባሪያችን ሙዓዝ የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። በየድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ሲያስቆፍር የመሬቱን ዝቅታ ውሃ በሞላ ቱቦ ይለካ ስለነበር አምሳሉ «ኢንጂነር፣ አስፋልቱ መቼ ይደርሳል?» ይለዋል። አምሳሉ ከሐይቁ በላይ ካለው መንደር ነው። ከልጆቹ እኩሌታ የሚሆኑት ከእሱ መንደር የመጡ የክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ከሐይቁ ዳርና ከከተማ የመጡ የእስላም ልጆች። ማታ ማታ አምሳሉ ክራሩን በአምባሰል ቃኝቶ ሲጀምር ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም ይላሉ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

በሐምሌ መጨረሻ የላይኛው መንደር አባቶች ጋቢያቸውን ደርበው ወረዱ። ከፊት የነበሩት አቶ ሽታው ናቸው። ልጃቸው ሰላማዊት በንባብ ከካምፑ ልጆች የሚቀድማት አልነበረም።

«ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል» አሉ። «ልጆቹን ልንወስድ ነው።»

«ጋሼ ሽታው፣ እዚሁ ይጾማሉ እኮ» አለ አምሳሉ።

«ማን ይጠብቃቸዋል? አንተ? በፍልሰታ እናትህ ጓዳ ገብተህ ወተት ስትጠጣ የተያዝከው ልጅ አይደለህም?»

አባቶቹ ሳቁ። አምሳሉ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር!»

«እነዚህስ ስንት ዓመታቸው ይመስልሃል?»

አምሳሉ ግን አልለቀቀም። የላይኛው መንደር ልጆች ከሄዱ የካምፑ እኩሌታ ሄደ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪሰማ እህል እንደማይቀምሱ፣ ድስታቸውም ለብቻ እንደሚሆን ቃል ገባ። «ቢገደፍ እኔው ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለ። «ያኔ ይውሰዷቸው።»

አቶ ሽታው ወደ አባቶቹ ዞሩ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል» ብለው ተነሡ።

ካምፑ ውስጥ ሥጋ አይበስልም ነበር። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ስለሆነ፣ ሁለት በግ ከማረድ ይልቅ ከመጀመሪያው ትተነዋል። ቅቤ ግን ሁሉም ይበላ ነበር፤ አሁን እሱ ሊለይ ነው። የካምፑ ብረት ድስት ደግሞ በዚያው ሰሞን ቂጡ ተበስቶ ነበር። ስለዚህ ሙዓዝ አህያ ተከራይቶ ከቅሬው ሁለት ትልልቅ የሸክላ ድስት ሊዋስ ወጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚረዳዳበት፣ በአንድነት የሚቀብርበት ቅሬ አንድ ነው፤ ዕቃውን የሚይዙት አያ አሕመዲን ናቸው። ያን ቀን እሳቸው ገበያ ስለነበሩ የልጅ ልጃቸው ናት ከፍታ የሰጠችው።

ሙዓዝ ድስቶቹን ሲያወርድ አንደኛው አንገቱ ላይ ሽቦ ነበረው። እኔን «ይሄ ለጾመኞቹ» ብሎ ሽቦ የሌለውን ሰጠኝ። ባለ ሽቦው ለቅቤው ወጥ ሆነ። አምሳሉ ችግኝ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ስለነበር ድስቶቹን አላየም።

የፍልሰታ የመጀመሪያው ቀን እንደተባለው ሄደ። ስድስት ሰዓት ላይ የእስላሞቹ ልጆች በሉ፤ ሌሎቹ ከአምሳሉ ጋር ከወጥ ቤቱ ርቀው መዝሙር ያዙ። ደወሉ ከላይ ሲሰማ እጃቸውን ታጠቡ፤ የጾም ሽሯቸውን በትሪ አቀረብኩ። አምሳሉ ጸሎት አደረሰ። ሰላማዊት የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሣች፤ አፏ ጋ አድርሳ አቆመችው።

«ጋሼ አምሳሉ፣ ፋሲካ ፋሲካ ይሸታል።»

ልጆቹ ሳቁ። አምሳሉ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አሸተተና ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ከልጆቹ ውስጥ የዋጡ ነበሩ።

ቅቤ እንዳልጨመርኩ እርግጠኛ ነኝ። ዘይቱን አሸተትኩ፤ ዘይት ነው። ሽሮውን ከከረጢቱ ቆንጥሬ ቀመስኩ፤ ምንም የለበትም። ማማሰያው በዚያው ጠዋት የተጠረበ አዲስ እንጨት ነው። የቀረው ድስቱ ነበር። ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ የውስጥ ግድግዳውን በቢላ ጫፍ ፋቅ ሳደርገው ከጥቁሩ ሥር ቢጫ ወጣ፤ በጣቶቼ መካከል ሳሸው ቀለጠ። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም፤ እሳት ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል።

«ይሄን ድስት ለምን መረጥከው?» አልኩት ሙዓዝን።

«ደህነኛው እሱ ነዋ። ያኛው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። እንግዳና አደራ ለሆኑት ደህነኛው ይሁን ብዬ ነው።»

ባለ ሽቦውን አገላብጠን ፈተሽነው። አንድም ስንጥቅ የለበትም። ይኼኔ አምሳሉ መጣ። ሽቦውን አየ፤ በውስጡ የቀረውን የቅቤ ወጥ አየ፤ ከዚያ የእንጨቱ ጉማጅ ላይ ቁጭ አለ።

«ሽቦ ያለው እኮ የጾሙ ነው» አለ። «መንደራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።»

ሙዓዝና እኔ የከተማ ልጆች ነን። ሁለቱም ድስቶች ተበላሽተው ነበር፤ አንዱ ለዛሬው ጾም፣ ቅቤ የጠጣው ባለ ሽቦ ደግሞ ለዘለቄታው።

«ስማኝማ» አለ ሙዓዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምሳሉ፣ ልጆቹ ሳያውቁ ነው። ነገ አዲስ ድስት አመጣለሁ። ካምፑ ይፈርሳል እኮ፣ ወላሂ!»

«ቢገደፍ መጥቼ እነግርዎታለሁ አልኩ እንጂ፣ ብዙ ከተገደፈ አላልኩም» አለና አምሳሉ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ሦስታችንም ወጣን። ዳገቱን ባለ ሽቦውን ድስት በትከሻው የተሸከመው ሙዓዝ ነው፤ ላግዝህ ብንለው እንቢ አለ። አያ አሕመዲን ከደጃቸው ሆነው ሲያዩን ገና ከሩቁ ገባቸው።

«አንተ የከተማ ልጅ፣ ሽቦውን አላየኸውም?»

«አየሁት አያ። የተሰነጠቀ መስሎኝ... ደህነኛውን ለጾመኞቹ ልስጥ ብዬ።»

«ሽቦው እኮ ለዓይን አይደለም፣ ለእጅ ነው። ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሴቶቹ ዳብሰው ነው የሚለዩት።» ድስቱን ተቀብለው አፉን አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በክብር አበላሸኸው በለኛ! አብሽር፣ ቅደም፤ እኔም እመጣለሁ።»

አቶ ሽታው ከአረም ተመልሰው እግራቸውን ሲታጠቡ ደረስን። አምሳሉ ሰላምታው ሳያልቅ ተናገረው። አንዱንም አላስቀረም።

«ሰላማዊት ዋጠችው?» አሉ።

«አልዋጠችም፤ እሷ ናት ያወቀችው። የዋጡ ግን አሉ።»

«ሳያውቁ ለበሉት ቄሱ የሚሉትን ይላሉ። እኔና አንተ ግን ምን ነበር የተባባልነው?»

«ያኔ ይውሰዷቸው ነው ያልኩዎት።»

«እንግዲያው ጠዋት እንወስዳቸዋለን።»

«ሽታው» አሉ አያ አሕመዲን፣ «ሊያከብሩህ ብለው እኮ ነው።»

«አውቃለሁ አያ። ሊያዋርዱኝ ቢሆንማ ዱላ ነበር የማነሣው።»

በማግሥቱ የላይኛው መንደር ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወጡ። ሰላማዊትና የሐይቁ ዳሯ ኢቲሳም አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የሚተኙት። ኢቲሳም ለመሰናበት አልወጣችም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ገብቼ ሳያት በጀርባዋ ተንጋላ በጣቷ ሸራውን ነክታለች። ውሃው ሰላማዊት ትተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ነካችው ብሎ የጮኸ ልጅ አልነበረም።

አምሳሉ ያን ማታ ክራሩን አላነሣም። ሲነጋ ክራሩን አንግቶ ሳይነግረን ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። የመንደሩ ሰው ፊት መቆም እንደፈራ አውቃለሁ፤ ቢቀር ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ አቀረብኩ። አንድም እጅ ወደ ትሪው አልተዘረጋም።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ሙዓዝ።

«እነ ሰላም ሲመጡ እንበላለን» አለች ኢቲሳም።

«ይመጣሉ ያለሽ ማነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ረመዳን በነሐሴ ገባ እንዴ? ብሉ!»

«እኔ ልብላ ብያለሁ» አለ ሐቢብ ሆዱን ይዞ፤ «እነሱ ናቸው የከለከሉኝ።» አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመው።

ሽሮው ቆዳ አበጀ። ሙዓዝ ሁለት ጊዜ ተቆጣ፤ በሦስተኛው እሱም ከልጆቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ግን ቆየልን። ደወሉ ተደወለ። ከዚያም ምንም አልነበረም፤ ተረተሩ ላይ የኛ ትንንሽ ችግኞችና ጉሙ ብቻ። ኢቲሳም ቆማለች። ከጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ነጠላ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ብዙ። ፊት ፊት ክራሩን እንደ ጠመንጃ አንግቶ የሚወርደው አምሳሉ ነበር።

በኋላ እንደነገረን፣ ቅዳሴው ሲያልቅ አቶ ሽታው ከደጀ ሰላሙ ጠሩት። ስለ ድስቱ አላነሡም። «አረም ላይ ነኝ፤ የሚያወርዳቸው ሰው የለኝም። ይዘሃቸው ውረድ፤ ሳይመሽ መልስልኝ» አሉት። ይኸው ነው።

ልጆቹ ምሳቸውን ቋጥረው ነበር፤ ዳቦና የሽምብራ ቆሎ። የኛዎቹም የቀዘቀዘውን ሽሮ በሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካምፑ ውስጥ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ የሚባል ነገር ቀረ። ሙዓዝ ከሐይቅ ገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛ፤ በጾም ሽሮ አሟሸሁትና ሁሉም ከእሱ በሉ፤ ሁለት ድስት መጣድ አላስፈለገም። እስከ ቡሄ እንዲህ ዘለቅን። እርግጥ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሲመሽ እኩሌታው ድንኳን ባዶ ነበር፤ ሁለት ልጆችም ጨርሶ አልተመለሱም። ካምፑ ሲነሣ ሙዓዝ ያን አዲስ ድስት ይዞ ወደ ቅሬው ወጣ። እዚያው አያ አሕመዲን ፊት ተቀምጦ አንገቱ ላይ ሽቦ አሰረ፤ ጫፎቹን አጥፎ ቀበራቸው። አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱት። «አሁን ገና ኢንጂነር ሆንክ» አሉት።

የአያ አሕመዲን ቀብር ረቡዕ ዕለት ነበር። ከሣሩ ላይ ባለ ሽቦውን ድስት ያነሣችው ረጅም ወጣት ሴት ናት፤ ስትዞር ሰላማዊት መሆኗን አወቅሁ። ድስቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ አፉን አሸተተች። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ቀና አለችና ሙዓዝን አየችው፤ በአዎንታ አንገቷን ነቅንቃ የጾም ወጥ ለሚሠሩት ሴቶች አቀበለች።