ፕላስተሩ ላይ የጨመርኳት መስመር

የአክስቴ ልጅ ጣሪቅ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አለው። ደንበኛ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ችግሩን በራሱ አፍ ይናገራል፣ እኔ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ክዳኑ ላይ እለጥፍና የተናገረውን እጽፍበታለሁ። ፕላስተሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይነካም። ሰው ከሌሎቹ ጠጋኞች አልፎ እሱ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እኔ ሩፈይዳ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ። ያቆምኩት ደደብ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ስትታመም ቤት የሚይዝ ጠፋ፣ እሷ ስትድን ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ አፈርኩ። ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ጣሪቅ ያስገባኝም ለእሱ ነው፤ የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

ሰኞ ጠዋት ከውሰር የምትባል የአጋሮ አስተማሪ ጥቁር ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሲበራ እንደ ወፍጮ ይጮኻል አለች። እኔም "ይጮኻል" ብዬ ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሉንም ከሥሩ። እግረ መንገዷን ስለ ታናሽ እህቷ ስለ ማሂራ አወራችን። ማሂራ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናት፤ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ከከውሰር ይልቅ እሷ ናት ላፕቶፑን የምትይዘው፣ በየቀኑ ትለማመድበታለች። ጣሪቅ አቧራ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ትወስጂዋለሽ ብሎ ሸኛት።

አቧራውን ገና ሳይነካው ተደወለለት። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ፕሪንተር እምቢ ብሏል። ምንም እንዳትነኪ ብሎኝ ሄደ። ሁልጊዜ የሚለኝ ነገር ስለሆነ ጆሮዬ ለምዶታል።

አጠገባችን ካፌ አለ። አስተናጋጇ ውብነሽ ጓደኛዬ ስለሆነች የዋይፋያቸውን የይለፍ ቃል አውቃለሁ። የእኔ ስልክ ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ የሰው ፊት ሦስት ቦታ ነው የሚያሳየው። ያንን የሚያህል ስክሪን ፊቴ ተዘርግቶ ዝም ብዬ ልየው? ከፈትኩና ተከታታይ ድራማዬን ማየት ጀመርኩ።

ላፕቶፑ ላይ ያለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ እንዳያስቸግራቸው ብሎ ጣሪቅ ራሱ ነው አምና የጫነላቸው። የድራማዋ ልጅ ልታለቅስ ስትል ስክሪኑ ላይ አንዲት መስኮት ብቅ አለች። አዲስ ነገር መጥቷል፣ ልጫን? ነው የምትለው። እንግሊዝኛዬ እስከዚህም ነው፣ "ይጫን" የምትለዋን ግን አላጣትም። ከፊቴ ዞር እንድትልልኝ ተጫንኳት። የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ፣ ፕላስተሩ ላይ አለ፣ ሰጠኋት። ስትጨርስ አጥፍተሽ አብሪው አለችኝ። አጥፍቼ አበራሁት።

ሲበራ ዋይፋይ የለም። የካፌው ብቻ አይደለም፣ ምልክቱ ራሱ ከማዕዘኑ ጠፍቷል። ደግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቢስሚላህ ብዬም ሞከርኩ።

ለጣሪቅ ልንገረው ብዬ ነበር፣ ወላሂ ብዬ ነበር። ግን ባለፈው ወር የሰው ሃርድ ዲስክ ጥዬ ሁለተኛ ከደገምሽ ወደ ቤትሽ ነው ብሎኛል። ቤት ማለት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ማየት ነው። ጣሪቅን የመለሰው ባጃጅ ደጃፍ ላይ ሲቆም እስክሪብቶውን አነሳሁና "ይጮኻል" ከምትለው ቀጥሎ "ዋይፋይም የለውም" ብዬ ጨመርኩ። ያው እስክሪብቶ፣ ያው ቆንጆ ጽሕፈት።

ጣሪቅ አነበበና ዋይፋይም ብላ ነበር እንዴ አለኝ። አንተ ስልክ ላይ ሳለህ ነው የነገረችኝ አልኩት። እሱ ደግሞ የራሱን ሕግ አይጠራጠርም። ፕላስተሩ ካለ አለ ነው።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። ጣሪቅ ሲሠራ ያወራል። ጥቁሩን ስክሪን ከፍቶ አንድ ትእዛዝ ጻፈና የዋይፋዩ ካርድ አለ፣ ይታያል፣ ድራይቨሩ ነው ያልተነሳው አለ። ካርዱ ኦሮምኛ ብቻ፣ ሊኑክሱ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሁለት ገበያተኞች ናቸው በይ አለኝ፤ ድራይቨር መሃላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመው ነው። ለዚህ ዓይነት ካርድ የሚሆን ድራይቨር ፍላሹ ላይ አስቀምጧል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም እንዲሠራ። ጫነው። የለም። አጥፍቶ ደግሞ ጫነው። የለም። የላፕቶፑን ሆድ ፈታ፣ ጣት የምታህለውን ካርድ ነቅሎ ጫፏን በላጲስ አሸት አሸት አደረገና መለሳት። የለም። ምሳ አልበላም። የዐስርን ሶላት ሱቁ ውስጥ ነው የሰገደው። እኔ ሻይ አመጣሁለት፣ ያለ ልማዴ። ባረከላሁ ፊኪ ብሎ መረቀኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ስምንተኛ ጊዜ ነቅሎ ሲመልስ እንዲህ አለ፦ "ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ ላይ ምን እንደተደረገ ባውቅ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው።"

"ያቺ ማሂራ የምትባለዋ ነካክታው ይሆናል" አልኩ።

ስሟ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አይቻት አላውቅ፣ ምንም አላደረገችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመድረሷ በቀር።

አሥር ሰዓት ላይ ከውሰር መጣች። ጣሪቅ አንገቱን ደፍቶ ካርዱ ሳይሞት አይቀርም፣ ከአዲስ አበባ ሌላ ላስመጣ አላት። እሷ ግራ ገብቷት ስለ ዋይፋይ መቼ ነገርኳችሁ ልትል አፏን ስትከፍት የፕላስተሩን ጥቅል አነሳሁ። ከዚያ ራሷ መለሰችው፤ ለነገሩ እኔ ከዓርብ ወዲህ አልከፈትኩትም አለች። ጣሪቅም፣ ምስኪን፣ እህትሽ ነካክታው ይሆናል አላት። የእኔን ቃል፣ ከነድምፁ።

እዚያው ቆማ ደወለች። ስልኩ ጩኸታም ስለሆነ የማሂራ ድምፅ ለሁላችንም ተሰማን። ወላሂ ምንም አልነካሁም፣ ትናንት ይሠራ ነበር ትላለች።

"በውሸት አትማዪ" አለቻት ከውሰር። "ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን ላፕቶፑ ላይ እንዳላይ። ለአባቢም እነግረዋለሁ።"

"ፈተናው እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው" አለች ማሂራ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ ከውሰርም ዘጋችው።

እኔ ፕላስተር እየቆረጥኩ ነበር። የማንም ያልሆነ ፕላስተር። ከውሰር እስከ ሐሙስ ይቆይ ብላ ትታው ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት ጣሪቅ ሱቁን እየከፈተ ሳለ ነገርኩት። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፣ ሲደርስ ሁሉም ጠፋ።

"ማሂራ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ድራማ እያየሁበት አፕዴት አደረግኩት፣ ፕላስተሩ ላይም እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ይጮህብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አልጮኸም። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው፣ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ያዘ፣ ዝርዝር መጣ፣ ሁለተኛውን መረጠ። ዋይፋዩ ማዕዘኑ ላይ ብቅ አለ። የካፌው፣ የፋርማሲው፣ የሁሉም።

ያን አፕዴት ስጭን የሊኑክሱ ሞተር በአዲስ ተቀይሯል። ጣሪቅ ፍላሽ ላይ ያለው ድራይቨር ደግሞ አሮጌውን ሞተር እንጂ አዲሱን አያውቀውም። አሮጌው ግን አልጠፋም፣ ከሥር ተቀምጦ ነበር፣ የሚመርጠው ብቻ ነው የጠፋው። ለአዲሱ የሚሆነውንም ድራይቨር ከኢንተርኔት አውርዶ እዚያው ጫነለት።

"ትናንት ብትነግሪኝ ሁለት ደቂቃ ነበር" አለኝ። "የእኔ ድካም ይሁን። ያቺን ልጅ ግን በእኔ አፍ ነው ያሰደብሻት።"

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አሮጌውን ፕላስተር ላጠና ጥቅሉን ሰጠኝ። ጻፊ አለኝ። "ዋይፋዩን ያጠፋችው ሩፈይዳ ናት። ማሂራ አልነካችም" ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ አሳንሼ ጽፌው ነበር፣ ቀድዶ እንደገና አጻፈኝ። ደውለን ብንነግራቸውስ ስለው፣ ስሟ የጠፋው ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ቤቷ ሄደሽ ነው የምትመልሺው አለኝ።

የአጋሮ ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ፕላስተሩን በሂጃቤ ጫፍ ሸፈንኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጄ ቁርኣን ነው እንዴ የያዝሽው አሉኝ። ኮምፒውተር ነው አልኳቸው። ማሻአላህ፣ ተማሪ ነሽ አሉ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሳይ ቆየሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ማሂራ ራሷ ናት። የእኔ እኩያ ናት፣ ዓይኗ ያበጠ። ከጣሪቅ ሱቅ ነው አልኩና ክዳኑን ወደ እሷ አዞርኩት። አንብባ ጨረሰች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች።

"አንቺ ነሽ ሩፈይዳ?"

"አዎ።"

"አባቢ ፊት ማልኩ፣ አላመነኝም" አለችኝ። "ግቢና ንገሪው።"

አባቷ ጋሼ ሙሐመድሳኒ ጓሮ ተቀምጠው የደረቀ ቡና ይለቅማሉ። የተናገርኩት በኦሮምኛ ነው፤ አነቱ ባሌሴ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በአማርኛ ቢሆን ትንሽ አሳምረው ነበር፤ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ሆኖ ቁጭ አለ። እሳቸው ግን ቀድመው ያዩት ልጃቸውን ነው። ለእሷ የሆነ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፣ አልሰማሁም፣ ልሰማም አልፈለግኩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለምን ዋሸሽ?"

"እንዳያባርረኝ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አንቺ ከሥራሽ እንዳትባረሪ እሷ ከትምህርቷ ብትባረር ቀለለሽ?"

ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጥኩት።

እስቲ ክፈቱት እንየው አሉ። ማሂራ ከፈተችው። የስልኳን ዋይፋይ ወዲያው ያዘ። ሁላችንም ስናየው ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ።

ጋሼ ሙሐመድሳኒ ፍሬውን እንደያዙ ቀና አሉ። "ይሄስ?"

ያ ረቢ። አቧራው። ለእሱ ነበር እኮ የመጣው። ሁለት ቀን ሙሉ የእኔን ውሸት ስንጠግን፣ ከውሰር በአፏ የተናገረችውን አንድ ነገር ማናችንም አልነካነውም። ቦርሳዬ ውስጥ ብሎን መፍቻና የቀለም ብሩሽ አለ። አወጣሁና እጄን ስዘረጋ ማሂራ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው።

"አንቺ አትነኪውም" አለችኝ። "ንገሪኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ።"

ሁለት እርምጃ ርቄ፣ እጆቼን ኋላዬ አድርጌ፣ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ ነገርኳት። አንዱንም አልተሳሳተችም። ከሆዱ የወጣው አቧራ ትንሽ ትራስ ይሞላል። ዘግታ ስታበራው የሚሰማው የጋሼ ቡና ወደ ሳፋው ሲወድቅ ብቻ ሆነ።

"ፕላስተሩን ልላጠው?" አልኳት።

"ይቆይ። ከውሰር ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታነበዋለች። አንቺም እስክትመጣ አትሄጂም።"

የጅማ መኪና ያመልጠኛል ልላት ነበር። ተውኩትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማሂራ ልምምዷን ከፈተች፣ ክዳኑ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጽሕፈቴ ፊት ለፊቴ።