የአባቴ የጎማ ሽታ

ጓደኛዬ ሃበን ሲስቅ ጭሱ ከአፉም ከአፍንጫውም ይወጣል። ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው ፓርክ ሳሩ ላይ ተጋድመን ተራሮቹን እናያለን። ሁለት ሦስቴ ከሳብኩ በኋላ ተራሮቹ ከቦታቸው ተነስተው በቀስታ ወደ ከተማችን ወደ ኦሮራ የሚመጡ ይመስለኛል፤ ሰማዩም አብሯቸው ዝቅ ይላል። ትምህርት ቤት ስሜን መጥራት ያቅታቸዋል፣ ቤተክርስቲያን ደግሞ አማርኛዬ ያስቃቸዋል። እዚያ ሳር ላይ ግን ማንም ምንም አይለኝም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

በፈረንጆቹ 2015 ነው፤ ሱቁ ሁሉ ዊድ የሚሉትን ሐሺሽ በሕግ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ከግሌንዴል እስከ እኛ ሰፈር የአውቶቡሱ ወንበር ሳይቀር ይሸታል። ታዲያ እኔን ማን ለይቶ ያሸተኛል ብዬ ነበር። እትዬ አጸደን ረስቼ።

እትዬ አጸደ የመዘምራን ኃላፊያችን ናቸው። ለሰኔ ሚካኤል ስናጠና ነጠላዬን ሊያስተካክሉልኝ ጠጋ አሉና አሸተቱኝ።

«ፀዳል፣ ሐሺሽ ሐሺሽ ትሸቻለሽ። እንዲህ ሆነሽማ ታቦት ፊት አትቆሚም።»

ክው አልኩ። ከመዘምራኑ ሰልፍ መውጣት አልፈልግም። ከበሮው ሲመታ ወለሉ ይርገበገባል፣ ሁላችንም ባንድ ላይ እንወዛወዛለን፤ ለዚያች ጊዜ የኔ ድምፅ የት እንዳለቀ፣ አጠገቤ ያለችው የት እንደጀመረች አላውቀውም። ይህን ሃበን ጋ አላገኘሁትም።

አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ከኔ ነው፣ እትዬ አጸደ» አለ። «ኮሜርስ ሲቲ የምሠራው የዊድ መጋዘን ውስጥ ነው። ልብሳችን አንድ ላይ ነው የሚታጠበው። እሷን ይተዉአት።»

ጉድ ፈላ። አባቴ ተክለሚካኤል እኮ በየዓመቱ ለታቦቱ ጥላ የሚይዝ ሰው ነው። መጋዘን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ የመኪና ጎማ እንደሚጭን የምናውቀው ግን እኛ ቤት ብቻ ነን። ማታ ከሱ ቀድሞ የጎማው ሽታ ነው ቤት የሚገባው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ እትዬ አጸደ ራሳቸውን እየነቀነቁ። እኔ ከሰልፉ አልወጣሁም። ጥላውን ግን ያንኑ ቀን ከአባቴ ወስደው ለጋሽ ስለሺ ሰጡት።

መኪና ውስጥ «ለምን ዋሸህ፣ አባዬ?» አልኩት።

«ባለፈው ሳሩ አጠገብ መኪናዬን አቁሜ አየሁሽ» አለ መንገዱን እያየ። «ልጠራሽ ነበር። ግን ትስቂ ነበር። ቤት እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እኔ ጥላ ባልይዝ ምንም አልሆንም። አንቺ ከመዝሙሩ ከወጣሽ ግን የሚቀርሽ ያ ሳር ብቻ ነው።»

አንጀቴን በላው። ይቅርታ ልለው ፈልጌ፣ ከእጅጌው ላይ የጎማውን ጥቁር አቧራ አራገፍኩለት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ሲወጣ ጋሽ ስለሺ ጥላውን አዘንብለው ይዘውታል። አባቴ ከሕዝቡ ኋላ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሟል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሃበን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላወጣሁትም።

ከበሮው ጀመረ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ነጩን ልብስ ሁሉ የሚያንሳፍፈው ይመስላል። በዚያ መሃል አባቴ ማጨብጨብ ጀመረ። ዕድሜ ልኬን ጥላ ይዞ እንጂ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም። ለካ ምት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁሌ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እትዬ አጸደ ቢገላምጡኝም ከሰልፉ ምት ወጥቼ ከሱ ጋር አጨበጨብኩ።