መብረቁና ያልተመዘገበችው ሕፃን

ለጭብጨባ ብሎ የሚሠራ ሰው ሥራው የተሠራለትን ሰው መርሳቱ አይቀርም። ይህ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

በልደት ምዝገባ መሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራመር ነበር። እርሱ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ልጅ ስም ሲፈለግ ኮምፒውተሩ መረጃውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሚያገላብጥ ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ነበር። ፕሮግራመሩ በወፍራም መጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው ያለ የስም ማውጫ ሠራ፤ ኮምፒውተሩም ማውጫውን አይቶ በቀጥታ ወደ ስሙ ይሄድ ጀመር። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት፤ «መብረቁ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት።

ልቡ አበጠ። ጭብጨባው እንዳይበርድበት በየሰኞው አዲስ ማውጫ ጨመረ፦ በክብደት፣ በጠጕር ዐይነት፣ በአዋላጇ የጫማ ቍጥር፣ ሕፃኑ መጀመሪያ ባስነጠሰበት ሰዓት። ፍለጋው ከመፍጠኑ የተነሣ ጠያቂው ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣ ነበር። ነገር ግን አዲስ ልጅ ሲመዘገብ በማውጫዎቹ ሁሉ፣ በየተራው፣ በየቦታው መግባት ነበረበትና ምዝገባው ተጓተተ። ባልደረቦቹ ቢነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ቀን ታላቅ እኅቱ አዲስ የወለደቻትን ልጅ ታቅፋ መጣች፤ ያልተመዘገበ ልጅ አይከተብምና።

«አንተ፣ ይህን ማሽንህን ምን ነካው?»

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺ። ለፍለጋ እኮ አቻ የለውም!»

«ልጄን ማን ሊፈልጋት? እቅፌ ውስጥ ናት!»

ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች። ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች። ዳኸች። ቆመች። በመጨረሻም በእግሯ እየሄደች እስከ መስኮቱ መጣችና፣ «አጎቴ፣ እስካሁን አልተወለድኩም?» ስትል ጠየቀችው።

ፕሮግራመሩ ትርፎቹን ማውጫዎች ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። ልክ ያን ጊዜ አንድ እንግዳ ገብቶ አንዲት አዋላጅ በጫማዋ ቍጥር እንድትፈለግለት ጠየቀ። መልሱ ከአፉ ቀድሞ መጣ፤ እንግዳው አጨበጨበ። የተዘረጋው እጅ ተመለሰ።

ኮምፒውተሩም፣ «የልጅቱ ክብደት ስለ ተለወጠ ምዝገባው እንደገና ይጀመር» አለ።

«በአንድ ሰው ጭብጨባ ለወጥከን!» ብላ እኅቱ ስትጮኽ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ። ከስምና ከልደት ቀን ማውጫ በቀር ሁሉም እንዲጠፋ አዘዘ፤ ልጅቱም ወዲያው ተመዘገበች።

ፕሮግራመሩ ከሥራው ተነሣ። «መብረቁ» መባልም ተከለከለ። ወረፋ ሲጠብቁ ያደጉትን ልጆች እያባረረ ለመርፌ እንዲይዝ ወደ ክትባት ክፍል ተላከ። መጀመሪያ የነከሰችው የእኅቱ ልጅ ናት።