ብረት የማይገባበት ደን

መኪናዋ ከዋናው መንገድ ታጥፋ አቧራዋን እያስነሳች ስትመጣ፣ መሊካ ደኑ መግቢያ ላይ ካለው ሾላ ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ገና ማለዳ ነው፤ የይፋት ፀሐይ ግን ማለዳ አታውቅም፣ ትፋጃለች።

ደኑ ወቅፍ ነው፤ የመሊካ አያት ለአላህ ብለው የሰጡት፣ የማይሸጥ፣ የማይወረስ። ኋላ ላይ ከብት ግጦ ግጦ ድንጋይ ብቻ ሲያስቀረው፣ የመንደሩ ሰው ማኅበር አቋቁሞ ከለለው፤ መሊካንም ጠባቂ አደረጋት። በአሥራ ሁለት ዓመት ግራሩ ተመለሰ፣ ቁርቁራው ተመለሰ፣ ደርቃ የነበረችው ምንጭ ተመለሰች። አሁን አንድ ባለሀብት ሽንኩርት ላልማበት ብሎ ጠየቀና በወረዳው ወረቀት ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ተጻፈ። ዛሬ ተለክቶ ችካል ከተተከለበት ነገ ዶዘር ይገባበታል። መሊካ ይህን ስትሰማ እንባ አልመጣትም፤ ንዴት ነው የመጣት።

ከመኪናዋ የወረደው መሬት ለኪ ልዑል ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ መታዘዙ ነው። ለክቼ ብቻ እሄዳለሁ አላት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አለች በሆዷ፤ በአፏ ግን ማን ከለከለህ ብላ የደኑን ደንብ ነገረችው። ብረት የያዘ ሰው አይገባም፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ቢላውን ሾላው ሥር ጥሎ ነው የሚገባው።

ሾፌሩ ኡበይድ ደንቡን የሚያውቅ የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ሰው ነውና ሳይጠየቅ ካራውን ከወገቡ ፈትቶ አስቀመጠ። ልዑልም ገጀራውን አስቀመጠ።

«ሜትሩንም» አለች መሊካ።

«ሜትር ይቆርጣል እንዴ፣ እትዬ መሊካ?»

«ከገጀራው ይበልጥ የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ልጄ።»

ችካሎቹ፣ መዶሻው፣ መለኪያ መሣሪያው ሁሉ ሾላው ሥር ተደረደሩ። በምን ልለካ ታዲያ ቢላት፣ በእግርህ አለችው።

እየሳቀ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ተከተላት። አራት መቶ ላይ ከርከሮ ከነልጆቿ መንገዱን አቋርጣ ቁጥሩን አጠፋችበት። ከአንድ ጀመረ። ሁለት መቶ ላይ ቁርቁራው ሸሚዙን ያዘው፤ እሾሁን ሲያላቅቅ ቁጥሩ ጠፋው። ደግሞ ከአንድ ጀመረ። ምንጯ ጋ ሲደርሱ በእፍኙ ቀድቶ ጠጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አልቆጠረም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ «ባዶ» የሚለውን ቃል ሰረዘው።

«አለቃዬ ስንት ሆነ ቢለኝስ?»

«ደኑ አልለካም አለ ብለህ ጻፍ።»

«ሌላ ሰው ይልካሉ እኮ።»

«ይላኩ» አለች መሊካ። «የሾላው ጥላ ሰፊ ነው። የሱም ብረት ቦታ አያጣም።»