ንፋስ የማይገባበት ጠረጴዛ

ኦንዪን ይህን ጠረጴዛ ያገኘችው ስድስት ወር ተከራክራ ነው። በማንዳሌ ከተማ የእጅ ሥራና የፈጠራ ሙዚየም ሊከፈት ሲታቀድ የወርቅ ሠሪዎቹ ክፍል የተመደበው ለቀጥቃጮቹ ወንዶች ብቻ ነበር። መዶሻ ድምፅ አለው፤ ጡንቻም ለፎቶግራፍ ይመቻል። በመዶሻ የሳሳውን፣ ፓጎዳ የሚባሉት ቤተ መቅደሶች የሚለበጡበትን ወርቅ እየቆረጡ በወረቀት ላይ የሚያነጥፉትን ሴቶች ያስታወሰ አልነበረም። በመጨረሻ የሙዚየሙ ኃላፊ ኡ ቻን ምያ፣ “በመክፈቻው ዕለት ይሞከር። እንግዶቹ ቆመው ካዩት ጠረጴዛው የእናንተ ነው፤ ካላዩት የቁልፍ መያዣ መሸጫ እናደርገዋለን” አላት።

በዕለቱ ጠዋት የጎሽ ቀንድ መቁረጫዋን፣ ወረቀቷንና ወርቁ እንዳይጣበቅባት ጣቷን የምትቀባውን ዱቄት ደርድራ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን የወርቅ ቅጠል በቀንዱ ጫፍ እንዳነሳችው አመለጣት። ሁለተኛውም ተከተለው። ቀና ብላ ብታይ የአየር ማቀዝቀዣው ልክ ከአናቷ በላይ ሽው ይላል።

አጠገቧ መዶሻውን ተደግፎ የቆመው ቀጥቃጩ ኮ ፎላት አፍንጫው ላይ ወርቅ አርፎበታል።

“እኔን ለምን ትለብጪኛለሽ? ፓጎዳ መሰልኩሽ እንዴ?”

“ፓጎዳማ ብትሆን ዝም ትል ነበር።”

ሠላሳ ዓመት የሠራችው በሩና መስኮቱ በተዘጋ፣ ቬንትሌተር ገብቶበት በማያውቅ ክፍል ውስጥ ነው። ወርቁን እስትንፋስም ይወስደዋል። በሰፈሯ ይህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል ለኃላፊው መንገር አንድም ቀን ትዝ አላላትም ነበር።

ሄዳ ነገረችው።

“ኤሲው ይጥፋልኝ።”

“እትዬ ኦንዪን፣ ምን ነካዎት? ውጭው አርባ ዲግሪ ነው! የክብር እንግዳውን በላብ ልናጠምቃቸው ነው?”

“እንግዲያው ወርቁን ከኮርኒስ ላይ ይልቀሙታ።”

“ሌላ ቀን ብናደርገውስ?”

“ሌላ ቀን እዚያ ቁልፍ መያዣ ይሸጣል። ያሉት እርስዎ ነዎት።”

ከደጅ የከበሮ ድምፅ ተሰማ። ኡ ቻን ምያ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያም ራሱ ሄዶ ኤሲውን አጠፋው።

እንግዶቹ ገቡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ኮ ፎላት ቀጠቀጠ፤ ተጨበጨበለት። ግንባራቸውን እየጠረጉ ወደ ኦንዪን ጠረጴዛ ሲደርሱ ከመካከላቸው አንዲት ሴት ማራገቢያ አወጣች።

“እሱን ያስቀምጡልኝ፣ እህቴ። እናንተም ቅጠሉን እስካሳርፈው ድረስ አትተንፍሱ።”

የክብር እንግዳው ሳቁ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያዩ ሳቃቸውን ገትተው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ቅጠሉ ከቀንዱ ጫፍ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ እስኪነጠፍ ድረስ አርባ ያህል ሰው ትንፋሹን ዋጠ። የክብር እንግዳው “አንድ ጊዜ ድገሚው” አሉ። ደገመችው። በሦስተኛው መታገሥ አቅቷቸው ኡፍ ሲሉ ወርቁ ተጣጥፎ ተበላሸ።

“ይቅርታ” አሉ ቀስ ብለው።

“ምንም አይደል። እኔም ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል።”

በአምስተኛው ቅጠል አንድም ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከአገጫቸው የሚወርደውን ላብ የጠረገም አልነበረም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኡ ቻን ምያ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደተጣበቀ ሜትር ይዞ መጣና በጠረጴዛው ዙሪያ ወለሉን መለካት ጀመረ።

“በመስታወት እናጥረዋለን” አለ ቀና ሳይል። “ስንት በር ይበቃዎታል?”

“አንድ” አለች ኦንዪን ዱቄቷን እየከደነች። “ግን በደንብ የሚዘጋ።”