የእሑድ ለቀማ

አቡነ ሉቃስ ከዲላ ተነሥተው ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነበር። ሰንበትን የናቁትን ሊገሥጹ ቆርጠው ወደ ቡናው ማሳ ወረዱ። ምእመናኑ ከፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው እግሩ ለተሰበረው ለሽብሩ ቡናውን ሲለቅሙለት አገኟቸው።

የሽብሩ ሚስት ጸሐይ ደነገጠች። "አባታችን፣ ይቅር ይበሉን፤ የቀላው እሸት ቡና ዛሬ ካልተለቀመ ይረግፋል።"

ጳጳሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቅርንጫፍ ያዙ። ጥቂት እንደለቀሙ ጸሐይ ቅርጫታቸውን አይታ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ አባታችን፣ አረንጓዴውንም ቀነጠሱት! ጥሬ ከተቀላቀለበት እኮ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው አይቀበለንም።"

"እኔም ጥሬ ተግሣጽ ይዤ ነበር የመጣሁት" አሉ አቡነ ሉቃስ፣ አረንጓዴውን አንድ በአንድ እየለዩ። "ለቀማው ሲያልቅ እዚሁ ማሳው ዳር ካለው እንሰት ሥር ጸሎት እናደርሳለን። እስከዚያ ዲላ አልመለስም።"