ሼህ ባዩሚ ፀሐይን የቀደሙ ዕለት

በከፍር ሸለቢ መንደር መስጊድ አዛን የሚያሰሙት ሙአዚን ሼህ ባዩሚ ድምፃቸው ማር ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉ መንደርተኞች እንኳ የራሳቸውን አዛን ትተው የእሳቸውን ያዳምጣሉ። ባለቤታቸው ረቲባ ግን፣ «ድምፁን አላህ ሲሰጠው ሰውየውን ረስቶታል» ትላለች፤ ይህንንም የምትለው ሲሰሟት ነው።

በዚያ ረመዳን ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። አንድ ቀን ሼህ ባዩሚ ዐስር ከሚባለው የተሲያት ሰላት በኋላ መስጊዱ ጓዳ ውስጥ ሰሌን ላይ ጋደም አሉ። ለአፍታ ነበር ሐሳባቸው። እሳቸው ሲያንኮራፉ የበረሃው ነፋስ ተነሣ፤ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው፤ አገሩ ጠቆረ። ብንን ሲሉ ጓዳው ጨለማ፣ በመስኮት ቢያዩ ደጁም ጨለማ።

«ጉድ ሆንኩ! ሰዉን በረሃብ ፈጀሁት!» ብለው በባዶ እግራቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጡ። የግድግዳው ሰዓት ከማጉያው በላይ ተሰቅሏል። ቀና ብለው አላዩትም። አንድ ተምር ወደ አፋቸው ጣል አደረጉና «አላሁ አክበር!» ብለው የጾም መፍቻውን አዛን ለቀቁት።

መንደሩ አልተጠራጠረም። ጾመኛ አዛንን አይጠራጠርም፤ በተለይ ቶሎ ሲመጣለት።

ነፋሱ እንደ አመጣጡ ሄደ። አቧራው ረጋ ሲል ፀሐይ ከተምር ዛፎቹ በላይ ቁጭ ብላ ተገኘች፤ ሙሉ፣ ክብ፣ ዓይነ ደረቅ። ጣሪያቸው ላይ ማዕድ የዘረጉት ሐጃ ሰብሪያ የዝይ አንገት ጎርሰው ከፀሐይ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«በአላህ! ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ከፊሉ የጎረሰውን ተፋ። ከፊሉ «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ የተፋውም የዋጠውም አንድ ላይ ወደ መስጊድ ጎረፈ።

ሼህ ባዩሚ ጫጫታውን ሲሰሙ ወደ ሰዓቱ ቀና አሉ። የፀሐይ መግቢያው መግሪብ ሊደርስ ገና ከሩብ ሰዓት በላይ ይቀረዋል። ያን ጊዜ ያደረጉትን ያደረጉት እጃቸው እንጂ ልባቸው አልነበረም፤ ቢያንስ በኋላ ለራሳቸው እንዲህ ይሉ ነበር። ወንበር ስበው ወጡ፣ የሰዓቱን መስተዋት ከፈቱ፣ ቆጣሪውን በጣታቸው ወደ ፊት ገፉ፣ ወረዱ፣ ወንበሩን መለሱ። ሰዉ ሲገባ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ምነው ሼህ?» አለ ከፊት የመጣው።

«እኔ ምን ላድርግ? ሰዓቱ ነው!» ብለው ወደ ላይ ጠቆሙ።

ሁሉም አየ። ሰዓቱ ቀድሟል። ሰዓቱን ባለፈው ሳምንት ያደሰው ደግሞ የመንደሩ ኤሌክትሪሺያን ሸንዲ ነው። የመቶ ሰው ዓይን ዞሮ ሸንዲ ላይ አረፈ። ሸንዲ አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ይበል? ሰዓቱ ፊቱ ላይ ይመሰክርበታል።

ኢማሙ ኡስታዝ ሙዕታዝ ወጣትና የተማረ ነው። «በስሕተት የበላ ኀጢአት የለበትም፤ ከዒድ በኋላ ግን በምትኩ አንድ ቀን ትጾማላችሁ» ብሎ ፈረደ። ያን ጊዜ የተሰማው ኡኡታ ለሞተ ሰው እንኳ አይሰማም።

ከዚያ ወዲያ ሸንዲ በመንገድ ባለፈ ቁጥር «ሸንዲ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉታል። ሲመልስ «እንግዲያው ገና ነው!» ብለው ይስቃሉ። እንዲጠግን የሰጡትን ማራገቢያ ሳይጠግን የወሰዱበትም አሉ። የባሰው ግን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ቁረይሺ ነው። ለልጁ ሠርግ መብራት እንዲዘረጋለት ከሸንዲ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ሐሳቡን ለወጠ። «ሰዓት ያሳበደ ሰው ሽቦ ቢሰጡት ሙሽራዬን ይጠብስልኛል» አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸንዲ ሼህ ባዩሚ ቤት መጣ። ከስቷል።

«ሼህ» አለ ቆሞ፣ «ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰዉን ይቅርታ ጠየቅሁ። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። በእኔ ጥፋት ስምዎ ተነሣ። ሰዓቱን ደህና አድርጌ የሠራሁት መስሎኝ ነበር፤ ወላሂ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን እጄ የነካው ነገር ነውና ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እውነቱ የሼህ ባዩሚ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሸንዲ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመና ሄደ። ረቲባ ከመጋረጃው ጀርባ ጭልፋ ይዛ ወጣች።

«ይቅር አልከው?»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ያን ቀን ስትመጣ ጉንጭህ ላይ የሰሌን ጥለት እንደ ማኅተም ታትሞ ነበር። ተኝተህ እንደነበር ያኔውኑ ገብቶኛል። አንተ ሰውዬ፣ ላንተ እንቅልፍ ልጁ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ አንተ ደግሞ እንደ ንጉሥ ትምረዋለህ? እኔ አፈርኩ፤ ጭልፋው እንኳ አፈረ!»

ሼህ ባዩሚን ትከሻቸው ሸንዲ የሳመበት ቦታ ላይ ጉንዳን እንደነከሰው በላቸው። ተነሥተው ወደ ኢማሙ ሄዱና ሁሉንም ነገሩት፤ እንቅልፉንም፣ ቆጣሪውንም።

ኡስታዝ ሙዕታዝ ግራ ቀኙን አየ። «ሼህ፣ አላህ የሸፈነውን ለምን ይገልጡታል?»

«አላህ መቼ ሸፈነው? እኔ ነኝ የሸፈንኩት፤ ወንበር ላይ ወጥቼ!»

«ነገሩ በርዷል፤ ደግሞ ቢነሣ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቃል።»

ሼህ ባዩሚ ያን ጊዜ የኢማሙን ክንድ አዩ። የብረት ሰዓት፣ እንደ ድስት ክዳን የሚያበራ።

«ኡስታዝ፣ ያን ቀን እጅዎ ላይ ሰዓት ነበረ እንዴ?»

ኢማሙ እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። «ርቦኝ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በዚያው ቀን ማታ መንደሩ በየጣሪያው በየደጁ ማዕዱን ከቦ፣ ተምሩን በጣቱ ይዞ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያው ቋ አለ።

«የከፍር ሸለቢ ሰዎች ሆይ! ከአዛኑ በፊት አንድ ነገር አለኝ።»

ተምሮቹ አየር ላይ ቀሩ።

ሼህ ባዩሚ ነገሩን ባጭሩ ሊናገሩ ነበር ያሰቡት። ግን ማጉያ የያዘ ሰው ማሳጠር አይችልበትም። ከሙቀቱ ጀመሩ፤ ወደ ወገባቸው ሕመም ተሻገሩ፤ ሰሌኑን፣ ነፋሱን፣ ጨለማውን ተረኩ። «ሰዓቱ ደህና ነበር! ሸንዲ ጥፋት የለበትም! እኔ ነኝ በጣቴ የገፋሁት! ይቅርታ ሲጠይቀኝም ይቅር ብዬዋለሁ፤ እኔን ብሎ ይቅር ባይ!» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ማልቀስም ጀመሩ።

ፀሐይ ከገባች ቆይታለች።

«ሼህ! አዛኑን ይበሉና ከዚያ ያለቅሳሉ!» የሚል ጩኸት ከደጅ መጣ። ቀጥሎ የሐጃ ሰብሪያ ድምፅ ያለ ማጉያ ተሰማ፦

«አንተ ባዩሚ! ያኔ አስቀድመህ አበላኸን፤ ዛሬ ደግሞ አዘግይተህ ልትጨርሰን ነው?»

ሼህ ባዩሚ አፍንጫቸውን ጠርገው አዛኑን አሉ። እንደዚያ ቀን አምሮላቸው አያውቅም ይላሉ፤ ግን የሰማው ሁሉ እያኘከ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ይውረዱ የሚል ሐሳብ ተነሣ። በምትካቸው አንድ የእህል ነጋዴ ተሞከረ፤ ገና ሲጀምር የመንደሩ አህዮች በሙሉ መለሱለት። ስለዚህ ሼህ ባዩሚ እንዲቆዩ፣ ከዒድ በኋላ በሚጾመው ቀን ግን መንደሩን በሙሉ እሳቸው ቤት አብልተው እንዲያስፈጥሩ ተፈረደ።

ያልሳቀው ሸንዲ ብቻ ነው። መስጊድ በር ላይ ጠበቃቸው።

«ትከሻዎን ስሜ ነበር» አለ።

«ምታኝ።»

«አልመታዎትም። ወፍጮ ቤት ይምጡና ይናገሩልኝ።»

ሄዱ። ዱቄት የሚጠብቁ ሴቶች በሞሉበት፣ ሼህ ባዩሚ በሐጂ ቁረይሺ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ደገሙት፤ አሁን አላስረዘሙም። ሐጂ ቁረይሺ ጢሙን አሻሸ።

«ትናንት ሰምቼዎታለሁ። ግን ለከተማ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሽቦውን ጀምሯል። ምን ላድርግ?»

ሲመለሱ ሼህ ባዩሚ የሚሉትን ሲፈልጉ ሸንዲ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ታጠፈ።

የሚጾመው ቀን ደረሰ። ረቲባ ከጎረቤት ድስት ተውሳ ሩዝና የሞሉኽያ ቅጠል ወጧን ስትሠራ ዋለች፤ በየመሐሉ ባሏን ሽንኩርት አስልጣ፣ ሲያለቅሱ «ይሄኛውስ ከልብ ነው?» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ማታ መንደሩ ግቢውን ሞላው። ሸንዲ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ መጣ፤ ጥግ ይዞ ማንንም ሳያናግር በላ።

ማዕዱ ሲነሣ ሼህ ባዩሚ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዘው እሱ ፊት በርከክ አሉ። ሸንዲ እጁን ዘረጋ። ውሃውን አፈሰሱለት። በሳሙና ፈተገ። እጁን ግን አልሰበሰበም።

«ይጨምሩበት» አለ፣ ፊታቸውን ሳያይ። «ቅባቱ ገና አልለቀቀም።»

ሼህ ባዩሚ ጨመሩበት።